የዘንበል በርጩማ

ባለቤቴን ደንበኞቹ «ዘንበል» ይሉታል። በልጅነቱ ፖሊዮ ግራ እግሩን ስላሰለለበት፣ ቀኙ ላይ ዘንበል ብሎ ነው ፀጉር የሚቆርጠው። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ስም ይጣላ ነበር፤ እሱ ግን የሱቁ በር ላይ አጽፎታል። ደንበኛ ፊት መቀመጥ ለሱ ነውር ነው። እኔ ጥግ ሆኜ ፎጣ ሳጥፍ ስኖር፣ ሥራ ላይ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

ስልሳን ሲደፍን ደህናው እግሩ ይዝል ጀመር። ስንፍና መስሎት ጠዋት ደረጃ እያስወጣ፣ ማታ ቁጢጥ ብድግ እያለ ቀጣው። «ኧረ ተው፣ እግር ነው እንጂ በቅሎ አይደለም!» ብለው ማን ሰምቶኝ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡትን የሰፈራችንን መምህር ጢም እየላጨ ሳለ ጉልበቱ ከዳው። ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ነበር። በሁለት እጁ መደገፍ ሲችል፣ ምላጩን ወደ ላይ ሰቅሎ በጎኑ ተዘረረ። መምህሩን ጭረት እንኳ አልነካቸውም። እሱ ግን ሱቁን ዘጋ።

«ሰው አንገቱን አምኖ ሰጥቶኝ፣ እኔ እግሬን ማመን ካቃተኝ በቃኝ» ብሎ አለቀሰ።

ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። በዕድሜ ልጃችን የምትሆን ፊዚዮቴራፒስት እግሩን አየችለት።

«ጋሼ፣ ይሄ እግር ሰነፍ መሰለዎት? ፖሊዮ ያኔ ይሄንንም ነክቶታል። የተረፉት ነርቮች የሞቱትን ሥራ ደርበው ኖረው አሁን ደከሙ። ደረጃውን ይተዉ፤ እኔ የማሳይዎትን ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ይሥሩ። ሳይደክምዎት ይረፉ፣ ቁጭ ብለው ይቁረጡ።»

«ቁጭ ብዬ? ደንበኛ ፊት?»

«መውደቁስ ደንበኛ ፊት አልነበረም?» አልኩት።

አኮረፈኝ። ሰነባብቶ ግን ብየዳ ቤት ሄዶ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ጎማና ፍሬን ያለው በርጩማ አሠራ። ቤት ውስጥ ዙሪያዬን እየተንሸራተተ በእኔ ጭንቅላት ተለማመደ። ፀጉሬን ክፉኛ አበላሸው፤ ይቅር ብዬዋለሁ።

ሱቁ የተከፈተ ዕለት ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል እንጂ የሚገባ ጠፋ። ዘንበል በርጩማው ላይ ሆኖ ማበጠሪያ ይወለውላል፤ ግንባሩ በላብ ወርዝቷል። በዚህ መሃል መምህሩ ሰዉን በከዘራቸው እየገፉ ገብተው ተቀመጡ።

«ፀጉር ነው፣ ጋሼ?» አለ ፈራ ተባ እያለ።

መምህሩ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጢም» አሉ።

ዘንበል ፍሬኑን ያዘ፣ ምላጩን አነሳ። እጁ ንቅንቅ አላለም። እኔ ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ፣ «ይሄ ሰው ባሌ ነው!» ብዬ ለመንገደኛው ሁሉ መጮህ አማረኝ።