ለጋሽ ግዛው የተያዘ ወንበር

ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ ስነሣ የጦሳ ተራራ ገና ከጉሙ አልወጣም ነበር። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነው፤ ኮምቦልቻ ወርጄ ጋሽ ግዛውን ይዤ መመለስ። እኅቴ አልማዝ የወለደችው ልጅ በማግስቱ አርባ ቀኑ ስለሆነ ክርስትና ይነሣል። ባሏ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዷል። ምጥ በጠናባት ቀን ለሥራ ደሴ መጥቶ የነበረው መካኒኩ ጋሽ ግዛው ነው የቆመ መኪና አስነሥቶ ሆስፒታል ያደረሳት። ስለዚህ የልጁ የክርስትና አባት እንዲሆን እሱን መረጠች። እሱ ግን «እኔ የተመረጠ ሰው አይደለሁም፤ ዕድሌን ለልጁ አታውርሱት» ብሎ ላከባት። አልማዝም እሱ ካልመጣ ሌላ ሰው አልለምንም ብላ ቁጭ አለች። እሱ ከቀረ የልጁ አርባ ቀን እንዲሁ ያልፋል።

አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር ጆሮዬ ተደፈነ። መንገዱ ገደሉን እየታከከ ይጠማዘዛል። ኩርባ በመጣ ቁጥር ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ከኋላ ያለ አንድ ሰውዬ ደግሞ «ኧረ ቀስ! ገና ንስሐ ያልገባን አለን!» እያለ ሁላችንንም ያስቃል። ታች ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሹራቤን አውልቄ በእጄ ያዝሁ።

ኮምቦልቻ

ጋሽ ግዛውን ያገኘሁት ጋራዡ ውስጥ፣ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ነው። የሚታየኝ እግሩ ብቻ ነበር።

«አልማዝ ናት የላከችህ?» አለ እግሩ።

«አዎ። ብቻዬን ከተመለስሁ በር አትከፍትልኝም።»

ሳቀ፤ ግን አልወጣም። የወጣው ለምሳ ነው። ሽሮ እየበላን ነገሩን አጫወተኝ። የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ነው። በየወሩ ጽዋው ከተጠጣ በኋላ እያንዳንዱ አባል ምልክቱን የቆረጠበትን ስንጥር ለንስሐ አባታቸው ለአባ ወልደ ሐና ይሰጣል። አባ ስንጥሮቹን በነጠላ ሸፍነው አንዱን ያወጣሉ፤ ዕጣው የወጣለት የሚመጣውን ወር ይደግሳል።

«ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልወጣልኝም። ለሌላው ሁለቴ ሦስቴ ደርሶታል። ተጠርቼ ይሆናል፣ አልተመረጥሁም። ሰማይ ቤት የማያውቀኝ ሰው የሰው ልጅ ታቅፌ ምን ብዬ እመሰክራለሁ?»

እግዚአብሔር አስቀድሞ ከመረጠ ለሰው ፈቃድ ምን ተረፈው የሚለው ጥያቄ የእኔም ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ለብቻዬ በማነብበት ጊዜ ብዙ አስጨንቆኛል። ትልቁን ትቼ ትንሹን ነገር ጠየቅሁት።

«ስንጥርህ ነጠላው ውስጥ ሲገባ አይተህ ታውቃለህ?»

«የሚያስገቡት አባ ናቸው።»

«እንሂድና እንጠይቃቸዋ።»

አባ ወልደ ሐና ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

«ወይ ልጄ! ስንጥርህን ኪሴ የማስቀራት እኔ አይደለሁ እንዴ!»

«ምን አሉ አባ?»

«ሚስት የለህ፣ ጠላ የሚጠምቅልህ የለህ። ቢወጣብህ በማን ትደግሳለህ? በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው።»

«እኔ እኮ ስድስት ዓመት እግዚአብሔር ጣለኝ እያልሁ...»

«እግዚአብሔርማ መቼ ተጠየቀና! ከዕጣው ያወጣሁህ እኔ። ይቅር በለኝ።»

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ «እንግዲያው ነገ እንዲሄድ ይዘዙት» አልኋቸው።

«አላዝዘውም» አሉ። «ልጁን ታቅፎ ‹አምናለሁ› የሚለው እሱ ነው። በእኔ ትእዛዝ ከሄደ ቃሉ የእኔ ሆነ። መጥራት የጠሪው ነው፤ እግሩ ግን የራሱ ነው።»

ጋሽ ግዛው መስቀላቸውን ተሳልሞ፣ እሺም እምቢም ሳይል ወደ ጋራዡ ሄደ። «አውቶቡሱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል!» ብዬ ከኋላው ጮህሁ። ዞር አላለም።

መናኸሪያው

ለሁለት ሰው ከፍዬ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥሁ፤ ሹራቤን አጠገቤ አኖርሁ። ፓፓያ በዘንቢል የያዙ ከደጋን ከተማ የመጡ ሴት፣ እትዬ ዘሃራ፣ ከፊቴ ነበሩ።

«ሰው አለው እንዴ?» አሉኝ ሹራቡን እያዩ።

«አለው፣ ይመጣል።»

«ያንተ ሰው ጂን ነው እንዴ የማይታይ!»

አውቶቡሱ ሳቀብኝ። አፍሬ ምክንያቱን ነገርኋቸው። ወዲያው ዘንቢላቸውን አንሥተው ወንበሩ ላይ ጎለቱት፤ ሊቀመጥ የመጣውን ሁሉ «ተይዟል!» እያሉ መለሱ።

«እትዬ፣ ፓፓያ ነው ደሴ የሚሄደው?» አለ ረዳቱ።

«ክርስትና አባት ነው! አንተ ምን አገባህ፣ ሒሳቡ ተከፍሏል!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ወላሂ፣ አላህ ወንበር ይይዛል እንጂ ሰው ተሸክሞ አያስቀምጥም። ቂጡን ማምጣት የራሱ ነው።»

ሞተሩ ተነሣ። የመናኸሪያውን በር ልንወጣ ስንል አንድ ሰው የአውቶቡሱን ጎን ደበደበ። ጋሽ ግዛው ነው። ፊቱን ታጥቧል፣ ከጆሮው ኋላ ግን ግራሶ ቀርቷል፤ ተመልሶ ከአባ የተዋሰውን ነጭ ጋቢ ለብሷል።

«ወንበሬ ላይ ፓፓያ ያስቀመጠው ማነው?» አለ።

እትዬ ዘሃራ እልል አሉ። ኬላው ላይ ወርደን ስንፈተሽ ወታደሩ መታወቂያውን አይቶ «ለምን ጉዳይ ነው የምትሄደው?» ሲለው፣ «ክርስትና ላነሣ» አለ። ቃሉን ከራሱ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«እንኳን ደስ ያለህ። ስትመለስ ድፎው እንዳይረሳህ!» አለው ወታደሩ።

እሑድ፣ ደሴ

የቀበሌ ስብሰባ ስላለ ቄሶቹ በማለዳ ጀመሩልን። ጋሽ ግዛው ልጁን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ካደ፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ «አምናለሁ» አለ። ድምፁ ከመጠን በላይ ወጥቶ ዲያቆኑን አስደነገጠው። ልጁም ከጥምቀቱ ወጥቶ ሲታቀፍ የአባን ጋቢ አረጠበው። አልማዝ ከሳቋ የተነሣ እልልታዋን መጨረስ አቃታት።

ቤት ደርሰን ድፎ ዳቦው ሲቆረስ ጋሽ ግዛው ተነሥቶ ቆመ። «የሚመጣውን ጊዮርጊስ የምደግሰው እኔ ነኝ። ዕጣ አልጠብቅም።»

«ጠላው በእኔ!» አለች አልማዝ።

«ወንበር የያዙልኝ እትዬ ዘሃራም ይጠራሉ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

የምርጫንና የፈቃድን ነገር ዛሬም አልፈታሁትም። ጋሽ ግዛው ሳይመጣ ወንበር እንደተያዘለት ግን አይቻለሁ፤ በእግሩ ሲመጣም አይቻለሁ። አንዱ ቢጎድል ያ ልጅ የአባን ጋቢ ባላረጠበው ነበር። ለጊዮርጊስ ተጠርቻለሁ። እሄዳለሁ።