ለጠላቴ የለመንኩት ዕድሜ

«ጨው ተዪ፣ ጧት ጧት በእግርሽ ሂጂ፣ በጊዜ ተኚ፣ አትናደጂ» አለኝ የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ክንዴ ላይ ያሰረውን የግፊት መለኪያ እየፈታ። የመጨረሻዋን ስሰማ ሳቄ መጣ። አትናደጂ! የኔን ጉድ ምን አውቆ! በዚያው ሳምንት የባሌ ታላቅ ወንድም የገብስ ማሳዬን በመሐላ ወስዶብኝ ነበር።

ሞባይል ደባርቅ በገባ ሰሞን ነው። ማሳው ከከተማው ቁልቁል ነው፤ ባሌ ድንጋዩን ለቅሞ፣ ካቡን ክቦ ያቀናው መሬት። እሱ በሞተ በዓመቱ ወንድምየው «ይረስበት ብዬ የሰጠሁት የራሴ ነው» ብሎ ተነሣ። ወረቀት አልነበረኝም። ከሚያውቁት ጎረቤቶች አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ፈራ። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ነገሩ በመሐላ ያልቃል፤ የማለ ይረታል። እሱም የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዞ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ ማለ። «የእጅህን ይስጥህ!» ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌዎቹ ጎትተው አስቀመጡኝ።

መሐላ ግን በዚያ ቀን አያበቃም። ከዚያ በኋላ ሰው ዓይኑን ከሁለቱ ተሟጋቾች ላይ አይነቅልም። ቀድሞ የታመመ፣ ቀድሞ የወደቀ፣ ሐሰተኛው እሱ ነው። «ማርያም ፈረደች» ይባላል፣ አለቀ። ስለዚህ ሐኪሙ ደም ግፊትሽ ያሰጋል ሲለኝ የታየኝ ሞቴ አልነበረም። ሬሳዬን ተከትለው «ለካ መሬቱ የሱ ኖሯል» የሚባባሉት ናቸው የታዩኝ። ልጆቼ የሐሰተኛ ልጆች ተብለው ሊያድጉ? ሰማይ ይደፋብኛል እንጂ አይሆንም! ሳልቀብረው አልሞትም አልኩ።

ጨው ተውኩ። ጨው አልባ ሽሮ እንዴት እንደሚያንገሸግሽ የቀመሰው ያውቀዋል፤ እሱን እያሰብኩ ስውጠው ግን ይወርድልኛል። ገና ጎሕ ሲቀድ ነጠላዬን አጥብቄ ቱሪስቶች ወደ ቡይት ራስ በሚወጡበት የተራራ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። እኛ ዘንድ ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። ያገኘኝ ሁሉ ደንግጦ «በሰላም ነው? ማን ሞተ?» ይለኛል።

«ገና ነው» እላለሁ።

ጎረቤቶቼ ቱሪስት ሆነች ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ! ማታ ማታ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እሰግዳለሁ። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ስሙን እየጠራሁ «እመቤቴ፣ ድፊልኝ» እላለሁ። አንድ ቀን የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ መጡና ምን ብዬ እንደምሰግድ ጠየቁኝ። አልደበቅኋቸውም።

«ይህማ ክስ ነው እንጂ ጸሎት አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ስለ ጤናውና ስለ ዕድሜው ትሰግጃለሽ። ቀኖናሽ ይኸው ነው።»

«ኧረ አባቴ! ከዚህስ ጨው አብልተው ይግደሉኝ!»

«ቀኖና ነው» ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ።

ቀኖና እምቢ አይባል ነገር! ጥርሴን ነክሼ «ዕድሜ ስጪው» እል ጀመር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እሬት እሬት ይለኝ ነበር። ያም ሆኖ ግፊቴ ወረደ፣ እንቅልፌም ተመለሰ። ሐኪሙ ደጋግሞ ለክቶ «ምን አገኘሽ?» አለኝ። ጠላት አገኘሁ ልበለው?

ገብሱ ሲያሸት፣ አንድ ጧት ዳገቱ ላይ ከኋላዬ ሰው ሲያለከልክ ሰማሁ። ዞር ብል ራሱ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ዱላ ተደግፏል። ከመሐላው ወዲህ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም።

«እኅቴ» አለኝ። እኅቴ! «ራሴን ይወቅረኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሙ ግፊት ነው አለኝ። ሰው አንቺን ድናለች ይላል። ምን አድርገሽ ነው?»

ልቤ በደስታ ዘለለ። ዝም ብዬ ባልፈው ይበቃው ነበር፤ እሱ ይወድቃል፣ እኔ እረታለሁ። ግን ዓይኑን አየሁት። የፈራው እኔ የፈራሁትን ነው፤ ሰው የሚለውን። በየቀኑ እየፈራው ነው። ታዲያ ይሙትና ይረፍ? አልቅሰው ሲቀብሩት፣ ነፍስ ይማር ሲሉት፣ በአርባው ሲረሳ? እኔ ተቃጥዬ ያደርኩትንስ ማን ያድርልኝ?

«ጨው ተው» አልኩት። «ጧት ጧት ሂድ፣ ማታ ማታ ስገድ። የሚያስተኛህን ግን አንተው ታውቀዋለህ። የማልክበት በር እዚያው ነው፣ ሽማግሌዎቹም አልሞቱም።»

አቀርቅሮ መሬቱን በዱላው ጫር ጫር አደረገ። ወደ በሩ ግን አልሄደም፤ ገብሱን አጨደው።

የንስሐ አባቴ እንደመከርኩት ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይቅር አልሽው! ተባረኪ ልጄ!» አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ።

ምክሬ ሠራ፤ ከስቷል እንጂ አልሞተም። ጧት ጧት መንገድ ላይ እንገናኛለን፣ እሱ ሲወርድ፣ እኔ ስወጣ። «እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሌላው ሰው ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። እሱ ግን ከዚያ መሐላ ወዲህ የፈጣሪን ስም ሊጠራ አፉ አይታዘዝለትም፤ ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እኔም ማታ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እለምንለታለሁ፤ እመቤቴ፣ ዕድሜ ስጪው፣ ጨምሪለት።