የቤታችን ክዳን

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የአሮጌ ቤቱን ክዳን አፍርሶ ቆርቆሮ ሊመታ ሲል፣ ጢስ የጠጣ ጓሳ ሽታ አፍንጫዬን ቢመታኝ ጊዜ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። ምድጃ ዕድሜ ልኩን ያጠነው ሣር ምን ምን እንደሚል አንተ አታውቅም። አባቴን አባቴን ይላል።

አባቴ ቄስ አልነበረም። ፊደል አልቆጠረም፤ እኔንም አላስቆጠረኝም። ሀሁን የለየሁት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቂሙ አሁንም አልለቀቀኝም። የእሱ ሥራ የሰፈራችን ማርያም ጣሪያ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ወጥቶ ይደፍናል፤ በረዶ ሲጥል ወጥቶ ይደፍናል። የራሳችን ገብስ አረም ይውጠዋል። ጎረቤቶች እናቴን "ባልሽ ጣሪያ ላይ መነኮሰ" እያሉ ያበሽቋት ነበር።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ በጃንሆይ ጊዜ። ጓሳ ቤት የሚከደንበት ሣር ነው፤ እንደ ልብ ግን አይታጨድም። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሹሙ "ተከፍቷል" ብለው እስኪያስለፍፉ ማንም ማጭድ አያሳርፍበትም። ዝጉን የደፈረ ቤቱ ይቃጠላል። በዚያ ዓመት ዝግ ነበር። ሐምሌ ላይ የወረደው በረዶ የማርያምን ክዳን በሳውና ውሃው መቅደሱ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር።

አባቴ አላመነታም። የቤታችንን ክዳን በጓሮ በኩል ገፎ፣ እኔኑ አሸክሞ ወሰደው።

"ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" አለኝ። "ስለት ነው። የተወራ ስለት አይሠምርም።"

የተገፈፈው እኔ ከምተኛበት መደብ በላይ ነበር። ሦስት ቀን ቁርበት ተከናንቤ ረገምኩት። ለእመቤታችን ጣሪያ አለው፣ ለልጁ የለውም እያልኩ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሹሙ ስድስት ሰው አስከትለው መጡ። አንዱ ችቦ ይዟል።

"ጓሳው ዝግ ነው፤ የማርያም ክዳን ግን ተጠግኗል" አሉ ሹሙ። "ሣሩን ከየት አመጣኸው?"

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ "የእሷው ነው" አለ።

"የማን?"

"የእመቤታችን።"

"ማጭድ ይዛ ጓሳ ወጣች በለና!" አለ ባለ ችቦው። ሰዎቹ ሳቁ።

አልዋሽህም፤ "ይቃጠልለት!" ያልኩበት ቅጽበት ነበረ።

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። "ጌታዬ፣ የሚያቃጥሉ ከሆነ በጓሮ በኩል ይጀምሩ። በዚያ ወገን የሚነድ ነገር ካገኙ!"

ሹሙ ጎንበስ ብለው ገቡ። ቀና ሲሉ ሰማይ አዩ። መደቤ ላይ ውሃ አቁሯል። ከማገሩ ላይ የቀረች ጥቀርሻ የለበሰች ጓሳ መዝዘው አሸተቱ።

"ምኑን ነው የማቃጥለው?" አሉ። "አንተ ሰው፣ ምነው አትናገርም?"

የመለሰችው እናቴ ናት፣ በጣቷ እኔን እየጠቆመች። "ይሄን በሁለት ዓመቱ ኩፍኝ ሊወስደው ሲል ተስሎ ነዋ! 'ይህን ልጅ ተይልኝ፤ በሕይወት እስካለሁ በቤትሽ ጠብታ አይወርድም' ብሎ። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት አፌን ለጉሞ ይዞኝ።"

ችቦው ጭቃ ውስጥ ተረገጠ። እኔም ከደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተነሣልኝ ያህል ቀለለኝ። አባቴን ማየት ግን አፈርኩ።

መጀመሪያ ከራሱ ቤት ክፈፍ አንድ እስር ጓሳ መዝዞ የተመለሰው ባለ ችቦው ነው። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጣሪያችን የሰፈሩን ሁሉ ጢስ ለብሶ ተከደነ። አንድ እስር ተረፈ። አባቴ እስሩን አየ፤ አሻግሮ ደግሞ ማርያምን አየ።

"እንዳታስባት!" አለች እናቴ።

ጠዋት ስንነሣ እስሩም የለ፣ እሱም የለ። እናቴ እየተሳደበች ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

የቀበርነው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ፍትሐት ሲደረስለት ውጪ ዶፍ ይወርዳል። እኔ አስከሬኑ አጠገብ ቆሜ ወደ ጣሪያው አንጋጥጬ ጠበቅሁ።

አንዲት ጠብታ አልወረደችም።