ሐምራዊት እና ደብዛዛዋ ማመሳከሪያ

ሐምራዊት በዲቪ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ስትመጣ፣ አጎቷ ጋሼ ገብረየስ ዋይንላንድ ፓርክ ካለው ቤታቸው ሥር ያለውን ቤዝመንት ለቀቁላት። ኦቤትስ የሚባል ሰፈር፣ የዕቃ መጋዘን ዌርሃውስ ውስጥ እየሠራች ተማረች። በፈረንጆቹ 2021 ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከሰማይ የሚመጣ የራዲዮ ሞገድ ታጠና ነበር፤ በኮቪድ ምክንያት ሥራዋ ሁሉ እዚያው ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ የምትከታተለውን ጋላክሲ ከድሮው ደብዝዞ አገኘችው። ፕሮፌሰሯ ሰኞ ለቡድኑ እንድታቀርብ ነገሯት፤ የግኝቱ ጥናታዊ ጽሑፍም በስሟ ሊወጣ ነው። ጋሼ ገብረየስ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ዝም አይሉም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው፣ ፓርኪንግ ላይ ላገኙት ሁሉ «የእህቴ ልጅ አዲስ ነገር አገኘች!» አሉ።

እሷን ግን ነገሩ ከነከናት። ብዙ አንቴናዎች አብረው የሚለኩት ልክ የሚሆነው፣ መጀመሪያ ብርታቱ በሚታወቅ፣ ማመሳከሪያ በሚባል ሌላ የሰማይ ምንጭ ሲናበቡ ነው። በጋላክሲው በኩል ያለችው ማመሳከሪያ ደብዛዛ ናት። ሐምራዊት እንደ ደማቆቹ በአጭር በአጭር ጊዜ ከፋፍላ አስልታታለች፤ እንዲያ ስትቆራረጥ ደግሞ የመሣሪያው ጫጫታ ይበልጣትና አንቴናዎቹን ያሳስታል። ያልተናበቡ አንቴናዎች ድምራቸው ይጎድላል፤ ጋላክሲውም የደበዘዘ ይመስላል።

እሁድ ማታ ጊዜውን አስረዝማ እንደገና አሰላች። ጋላክሲው እንደ ድሮው ሆኖ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ አልደበዘዘም። ስህተቱ የኔ ነው።»

«ኧረ ባክሽ! ደግመሽ ቼክ አድርጊዋ!»

«አደረግኩ።»

«ፓርኪንግ ላይ ለነተፈሪ ነግሬያለሁ እኮ! እዚያ ድረስ ሄዶ ማን ያይብሻል?»

«እኔ አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ገብረየስ ራሳቸውን እያከኩ ደረጃውን ወጡ።

ሰኞ በዙም የጋላክሲውን ሁለት ሥዕሎች፣ የተሳሳተውንና የታረመውን፣ ጎን ለጎን አሳየች። ማንም ሳይጠይቃት «ቅዳሜ ያገኘሁት ውጤት ትክክል አይደለም» አለች። ፕሮፌሰሯ በዚያ አቅጣጫ የተለካው የቡድኑ ሥራ ሁሉ በእሷ አሠራር እንደገና እንዲሰላ፣ እሷም ለሌሎቹ እንድታስተምር አዘዙ።

በሚቀጥለው እሁድ የታክሲ ሹፌሩ ተፈሪ አላስቻለውም። «ገብሬ፣ ያ ጋላክሲ እንዴት ሆነ?»

«አለ፣ ከቦታው ንቅንቅ አላለም! ልጄ ራሷ ተሳሳተች፣ ራሷ ያዘችው፣ ራሷ ተናገረች። አሁን ታስተምራቸዋለች። አንተ የሀይዌዩን መውጫ ኤግዚት አልፈህ ስትሄድ አንድ ቀን እንኳ ለተሳፋሪ ‹ተሳስቻለሁ› ብለህ ታውቃለህ?»

«መንገዱ ተዘግቶ ነው እላለኋ!» አለ ተፈሪ፤ ፓርኪንጉ በሳቅ ሞላ። ሐምራዊት አንገቷን ብትደፋም፣ ጋሼ ክንዷን ይዘው፣ ስህተቷን ራሷ እንዳረመች ገና ወዳልሰሙት ሰዎች ወሰዷት።