ከግድግዳ በፊት አሸንዳ

ሥራ በጀመራችሁበት ቀን ተማሪ ስቆባችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። ከሚሴ ከተማ የግንባታ መምህር ሆኜ ክፍል በገባሁበት ዕለት፣ ከተማዋ ስትሰፋ ቤቱ የት ይሠራ ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ከከተማዋ ዳር ወዳለው የጨፋ ማሳ ጠቆሙ። እኔ ግን በየግቢው ክፍት የቀረውን ቦታ በእንጨት ቤት መሙላት እንደሚቻል አስረዳሁ።

"ቲቸር፣ እኛ የምንማረው ከእንጨት ቤት ለመውጣት ነው" አለ ከድር የሚባል ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

በዚያው ዓመት ወይዘሮ ዘሃራ ወርክሾፓችን መጡ። ልጃቸው ሰዒድ ሊያገባ ነው። ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ካላገኘ ከማሽላ ማሳቸው ቆርሶ ሊሠራ ነው። "ማሳውም ያንሳል፣ ልጄም ይርቀኛል" አሉኝ። በእሳቸው ቤትና በጎረቤታቸው በሐጂ አሕመድ ቤት መካከል አንድ ክፍል የሚያስገባ የራሳቸው ቦታ ነበር።

ከእሳቸውና ከሰዒድ ጋር ሐጂን ልናነጋግር ሄድን።

"አካም ቡልታኒ፣ ሐጂ?" አልኳቸው፤ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው።

"ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ነገሩን ሰምቻለሁ። የሁለታችንም ጣሪያ ውሃ የሚወርደው እዚያ ነው። ቦታውን ስትሞሉት ውሃው የት ይሂድ? የጭቃ ግድግዳዬ ላይ?"

እንጨት የመረጥኩበትን ምክንያት ነገርኳቸው። ብሎኬት ከባድ ስለሆነ ጠለቅ ያለ መሠረት ይፈልጋል፤ ቁፋሮው የጭቃውን ግድግዳ ሊያናጋው ይችላል። የእንጨት ምሰሶ ግን በአጭር የድንጋይ መሠረት ላይ ይቆማል፤ ከአፈር ስለሚርቅ ምስጥም በቀላሉ አያገኘውም። በብሎን ከታሰረ ደግሞ ይፈታል።

"ይፈታል?" አሉ ሐጂ። "እንግዲያው ግድግዳ ሳታበጁ ጣሪያውን አቁሙ። ውሃ እናፈስበታለን። ግድግዳዬ ከራሰ ትፈቱታላችሁ።"

ወይዘሮ ዘሃራ ልጃቸውን አዩና ተስማሙ።

ተማሪዎቼ ባሕር ዛፉን ወርክሾፕ ውስጥ ቆርጠውና በስተው በጋሪ አመጡት። ምሰሶው ቆመ፣ ቆርቆሮው ተመታ፣ የሁለቱን ጣሪያ ውሃ ወደ መንገዱ ቦይ የሚወስድ አሸንዳ ተሰቀለ። ሰዒድ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ውሃ የሞላ ጀሪካን ደፋ። ሐጂ ከግድግዳቸው ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። ውሃው አሸንዳው መሐል ሲደርስ ሞልቶ ትከሻቸው ላይ ወረደ።

"ቲቸር፣ መፍቻውን ላምጣ?" አለኝ ከድር ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ዘሃራ፣ ሙሽራው ልጅሽ ነው፤ እኔን ለምን ታጥቢኛለሽ?" አሉ ሐጂ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ግድግዳውም ርሷል" አሉ።

ውሃ ልክ መለኪያዬን አሸንዳው ላይ አስቀምጬ አየሁ። አሸንዳው መሐሉ ላይ ረግቧል።

"ሐጂ፣ ከመፍታታችን በፊት አንድ ጊዜ እንድናርመው ይፍቀዱልን።"

"ክረምት ሲመጣ ፈቃድ አይጠይቅም" አሉ። ሰዒድ ከጣሪያው አልወረደም። ሐጂ ቀና ብለው አዩት። "እሺ፣ አርሙ።"

ከድር አሸንዳውን የያዙትን ማቀፊያዎች አቀራርቦ ቁልቁለቱን ጨመረበት። በማግስቱ ግድግዳው ሲደርቅ ሰዒድ ጀሪካን በጀሪካን ላይ ደፋ። ውሃው ወደ መንገዱ ቦይ ወረደ። ሐጂ ግድግዳቸውን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ደረቅ ነበር።

"በሉ፣ ቢስሚላህ፣ ግድግዳውን ሥሩ።"

ሰዒድና ሚስቱ ዛሬ እዚያ ይኖራሉ። ማሳው ማሽላ ያበቅላል።

በሁለት ቤቶች መካከል ሲሠራ የሚቀድመው የውሃው መንገድ ነው። በሚቀጥለው ዝናብ እናንተም ከጎረቤታችሁ ጋር በቤቶቻችሁ መካከል ቁሙና ውሃው የሚሄድበትን እዩ። ንድፉን ከዚያ በኋላ አውጡ።