ግራ የገባው ስፌት

ወደ ሴቶቹ ማኅበር የገባሁት ተሳስቼ ነው። ብደብቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የዕድር ስብሰባ አለ ብዬ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ የቀጨኔን ዳገት እያለከለክሁ ወደ ዕድራችን ቤት ወጣሁ። ስገባ ከወንዶቹ አንድም የለም። ድንኳኑና ትልልቆቹ ድስቶች በተከመሩበት ጥግ፣ አምስት ሴቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ያለውን እራፊ ጨርቅ ይሰፋሉ። ለካ ስብሰባው እሑድ ኖሯል፤ ያ ቀን ቅዳሜ ነው። ሰው "ተሳስቼ ነው" ብሎ ይወጣል። እኔ ግን ሽማግሌው ቀን ጠፋበት ከሚሉኝ ብዬ፣ "ልረዳችሁ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ምኑን ልትረዳን?" አለች አንዷ፤ ከዕድሩ ቤት አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ናት።

"የምትሠሩትን።"

"የምንሠራውን ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም።"

"እንግዲያው ተቀመጥ" አለችና መርፌ አቀበለችኝ። "የማያውቅ ሰው ጠፍቶብን ነበር።"

ይኸው እስከ ዛሬ አልተነሣሁም።

የሚሠሩት ነገር ብርድ ልብስ ነው። ባለሱቋ ከሱቋ የተረፈውን ቁርጥራጭ ታመጣለች፤ ሌሎቹም ከየቤታቸው ያረጀ ልብስ ይዘው ይመጣሉ። እያንዳንዳችን እራፊውን ጠርዝ ለጠርዝ እየገጠምን፣ ክሩን ከላይ እያዞርን እንዘመዝማለን፤ ትራስ የሚያክል ቁራጭ ሲሆን በግድግዳው ላይ በተሰቀለው ማዳበሪያ ውስጥ እንከተዋለን። ማዳበሪያው ሲሞላ ቁራጮቹ ይጋጠሙና ውስጣቸው አሮጌ ብርድ ልብስ ገብቶ ይደረባል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ክርስቲያን እስላም አይልም፤ በሰፈራችን የወለደች ሴት ሁሉ አንድ አንድ ይደርሳታል። አንድ ልማድ አለን፦ ቁራጭ የሠራ ሰው ከመሃል ላይ ከራሱ ልብስ የተቀደደ ጨርቅ ያስገባል፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ነው። የኔ አሮጌ የካኪ ሱሪዬ ነው። ሱሪው እኔን ይዞ ያልሄደበት የለም፤ አሁን አራስ ቤት መግባት ጀመረ።

ሰፈሩ "ድሪቶዎቹ" ይለናል። ሰብሳቢያችን፣ ልብስ ሰፊ የነበረች ኮስታራ ሴት፣ ይሄን ስም ስትሰማ ትቆጣለች። "ድሪቶ የችግር ልብስ ነው፤ የኛ ግን ጥበብ ነው" ትላለች። ባለሱቋ ደግሞ፣ "ጥበብም በይው ድሪቶ፣ ሕፃኑ ላዩ ላይ ሲሸና አይለይም" ትላታለች። እኔ በስሙ አልከፋም። አማርኛችን ራሱ ተንኮለኛ ነው፤ መርፌ ማስኬዱንም መጥቀም ይለዋል፣ ለሰው መርባቱንም መጥቀም ይለዋል። ዕድሜዬን ሙሉ "አንተ ምን ጠቀምክ?" ስባል መልስ አልነበረኝም። አሁን ግን፣ "ትራስ የሚያክል" እላለሁ።

የጠቀምኩት ነገር ማማሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ግራኝ ነኝ። በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ግራ እጄን ከወገቤ ጋር አስረው ቀኜን ሊያስለምዱኝ ታግለው፣ በመጨረሻ ሁለቱም እጆቹ የማይታዘዙለት ሰው አድርገውኝ ቀሩ። ባለሱቋ ስታስተምረኝ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፤ እሷ በቀኝ፣ እኔ በግራ። "ወላሂ መስታወት የማስተምር ነው የሚመስለኝ" ትላለች። ቁራጬን ስታይ ደግሞ፣ "አተላ የበላች ዶሮ የሄደችበት" ብላ ለሁሉም ታሳያለች። ሴቶቹ እስኪያነቡ ይስቃሉ፤ ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። አንድ ልጅ አለችኝ፤ ከተማው ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ መጥታም ትፈትሸኛለች። ቡታጋዙን ትነካለች፣ ፍሪጁን ታሸታለች፣ ጫማዬ አንድ ዓይነት መሆኑን ታያለች። አንድ እሑድ ስልኬን ስኳር ጣሳ ውስጥ አገኘችው።

"አባዬ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ድምፁ እንዲጣፍጥ ነው" አልኳት።

አልሳቀችም። "አንድ እንዲህ ያለ ነገር ከደገምክ እኔ ጋ ነው የምትመጣው። አልጋህን አዘጋጅቻለሁ።"

ልጄ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ ተጣልቼ እገላገላለሁ። ግን እዚያ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ልብስ ማስጫ ሳይ መዋሉን ሳስበው ከዘራዬን አንሥቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ። እዚህ ጉለሌ እግሬ ራሱ መንገዱን ያውቃል፤ እኔ ብረሳ እሱ ቤቴ ያደርሰኛል። እዚያ ሊፍት የለም፣ እግሬም ማንንም አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ቁራጭ በጥቁር ክር ሰፍቼ ማዳበሪያው ውስጥ ከተትኩ። ነጭ ክር አጥቼ እንደነበር፣ በጥቁሩም እንደተበሳጨሁ አስታውሳለሁ። በሳምንቱ ሳወጣው ክሩ ነጭ ሆኗል። ስፌቱም ቀጥ ብሎ፣ ተደርድሮ፣ የትምህርት ቤት ሰልፍ መስሏል። መሃሉ ላይ ግን ካኪዬ አለ።

"ይሄ የማነው?" አልኩ፣ እንደ ዘበት።

"ውይ ጋሼ፣ ሱሪዎትን ረሱት?" አለች ሰብሳቢያችን። "ምነው፣ እየተሻሻሉኮ ነው።"

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ለካ ጎበዝ ነኝ አልኩ። ማታ ግን ጋደም ስል ጥቁሩ ክር ትዝ አለኝ፤ ደስታው ጥሎኝ ሄደ። ጥቁሩን ፈትቼ በነጭ የሰፋሁት መቼ ነው? በሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ ሆነ፤ ጠማማ አስገብቼ ቀጥ ያለ አወጣሁ። ሌላው ሰው ሥራው ሲበላሽበት ይጨነቃል፤ እኔ ሲያምርብኝ መጨነቅ ጀመርኩ። መጠየቅ ፈራሁ። ሴቶቹን ብጠይቅ ወሬው ልጄ ጋ ይደርሳል፤ ያ ደግሞ ለሷ የመጨረሻው ምልክት ነው።

ስለዚህ ራሴን መፈተን ያዝኩ። ከፒያሳ እስከ ቀጨኔ ያለውን የታክሲ ፌርማታ ከኋላ ወደ ፊት እጠራለሁ። ልክ ይሆናል። ግን ከመሃል አንዱን ረስቼውስ ቢሆን? የረሳሁትን በምን አውቀዋለሁ? የሚፈትነውም ያው፣ የሚፈተነውም ያው። በቃ ግራ ገባኝ። ሌላው ሰው ግራ የሚገባው አልፎ አልፎ ነው፤ እኔ ግራኙ ቀድሞም ገብቶብኝ ኖሯል።

በዚህ መሃል ልጄ አንድ ቅዳሜ ሳላስባት የዕድሩ ቤት በር ላይ ቆመች። ሁሉንም ሳመች፤ አጠገቤ ተቀመጠችና ካኪ ያለበትን ቁራጭ አነሣች።

"አባዬ፣ ይሄ ያንተ ነው?"

አዎ ብል ያልሠራሁትን ሠራሁ ማለት ሊሆን ነው፤ አይደለም ብል የገዛ ሱሪውን የማያውቅ ሽማግሌ ልሆን ነው። ባለሱቋ ከማዶ መርፌዋን አቁማ ታየኛለች።

"የኔ ነው" አልኩ።

ልጄ በጣቷ ስፌቱን ተከተለችው። "እጅህ እንኳ አልተንቀጠቀጠም!" አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "እኔ ደግሞ በከንቱ... እሺ አባዬ፣ በቃ፣ እዚሁ ሁን።"

ስትወጣ ሴቶቹ አጨበጨቡልኝ። እኔ የሚያጨበጭቡት ለየትኛው ሰውዬ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ተቀመጥኩ። ቤቴን ያዳነልኝ ሰውዬ መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ አላውቅም፤ ልብሴን ይለብሳል፣ ከኔ ይልቅ ስፌት ይችላል።

የያዝኩት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ቁራጮቹን ልንገጥም በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ዘረጋናቸው። እኔ ጫፍ እንድይዝ ታዝዣለሁ፤ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ አይሰጡኝም። ጫፍ ይዤ ስፌቱን ሳይ፣ ሁሉም እንደ ነፋስ የመታው ሣር ወደ አንድ ወገን ተኝቷል፤ ወደ ቀኝ። የሰብሳቢያችንም፣ የሌሎቹም፣ የኔ የተባለውም። ዝም ብዬ መርፌዬን አነሣሁና በአንድ እራፊ ጠርዝ ላይ ትንሽ ዘመዘምኩ። ያ ወደ ግራ ተኛ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም ወደ ግራ። እኔ አብጄም፣ ተኝቼም፣ ሰክሬም ብሰፋ ወደ ቀኝ ልሰፋ አልችልም፤ የኔታም አልቻሉም።

ከዚያ ክሩን አየሁት። የሚያብለጨልጭ ነጭ ነው። በሰፈሩ እንዲህ ያለ ክር ያላት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ማንም አልገዛት ብሎ ራሷ የምትሰፋበት። የዕድሩ ቤት ቁልፍም የሚቀመጠው እሷ ጋ ነው።

ያን ዕለት እሷ ደንበኛ መጥቶባት ቀድማን ወጥታ ነበር። ሱቋ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ።

"ሌባ!" አልኳት።

ሻሽ የምትመርጥ አንዲት ወጣት ደንግጣ ሻሹን ጣለችው።

"አትስሚው የኔ ልጅ፣ እንዲህ ነው ሰላም የሚለው" አለቻት ባለሱቋ። ወደ እኔ ዞራ፣ "ደግሞ ምንህን ሰረቅኩህ አንተ ሽማግሌ?"

"ስፌቴን። የኔ ወደ ግራ ይተኛል፤ ያንቺ ወደ ቀኝ።"

አፏን በእጇ ያዘች። "ያ አላህ! እሱን አላሰብኩትም።"

"ለምን አደረግሽው?"

"ልጅህ እዚህ አንተ የቆምክበት ቆማ አለቀሰች። 'እትዬ፣ አባቴ እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ' አለችኝ። ያንን የዶሮህን መንገድ ብታየው በዚያው ሳምንት ዕቃህን ታስጭን ነበር። ከዚያ እኔ ማንን ልሰድብ ነው?"

"እኔኮ አእምሮዬ የሄደ መስሎኝ ነበር!"

"ታዲያ አትጠይቀኝም?"

"ለልጄ ትነግሪያለሽ ብዬ ነዋ።"

"እኔም ያልነገርኩህ አንተ ትነግራታለህ ብዬ ነው። አፍህ መቼ ያርፋል?"

ያቺ ወጣት ሻሹን ሳትገዛ ወጣች። እኛ በሳቅ ሞትን። ሥራዬ መጥፎ ነው ተብዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጤነኛ ነኝ! ስፌት አልችልም እንጂ ጤነኛ ነኝ!

ሁለታችን ወደ ዕድሩ ቤት ተመለስን፤ የሷን ስፌት ተርትሬ በራሴ እጅ ልደግመው ነው። ከማዳበሪያው ሥር አንድ የቀረ ቁራጭ አወጣች። ዙሪያው ቢጫ ነው፣ መሃሉ ካኪ። ስፌቱ ደቃቅ ነው፤ ያምራል።

"ይሄንንም ነካክተሽዋል" አልኳት።

"የለም። እሱን እንኳ የራስህን ተውኩልህ። በፋሲካ ሰሞን ያመጣኸው ነው፤ 'እዩልኝ፣ እዩልኝ' እያልክ ስታዞርብን አልነበር?"

ወደ ፀሐዩ ወሰድኩት። ወደ ግራ ተኝቷል፤ ከዳር እስከ ዳር ወደ ግራ።

"እኔ ነኝ ያዞርኩት?"

መጀመሪያ እየቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው። "ወላሂ አልነካሁትም" አለች ቀስ ብላ። አጠገቤ ተቀመጠች። ሌላ ጊዜ ስድብ አያጥራትም፤ ያን ጊዜ አጠራት።

ቢጫውን ጨርቅ አላውቀውም። መቼ እንደሰፋሁት፣ ለማን እንዳሳየሁት፣ ምን ተብዬ እንደሳቅሁ፣ ምንም። እሱን ኪሴ ከትቼ፣ ሌሎቹን ቁራጮቼን በፌስታል ይዤ ወደ ቤት ስወርድ፣ ቢጫውን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው አስቤ ነበር። የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው፤ እነሱም ለኔ ሲሉ አይናገሩም። ልጄ እንደሆነ እዚሁ ሁን ብላኛለች። ግን ያለችው የባለሱቋን ስፌት አይታ ነው። እሷን በሰው እጅ አታልዬ በተረፈኝ ቤት እንዴት አድርጌ እንደምተኛ አልገባኝም።

እሑድ ልጄ ስትመጣ ሁሉንም አልጋዬ ላይ ዘረጋሁላት። "እነዚህ የሚያምሩት የኔ አይደሉም፤ ጎረቤታችን ናት። እነዚህ አስቀያሚዎቹ ተርትሬ በራሴ እጅ የደገምኳቸው ናቸው፤ የኔ ናቸው። ይሄ ቢጫው ያምራልም፣ የኔም ነው፤ ግን አላስታውሰውም።"

ቢጫውን አንሥታ፣ ገልብጣ፣ ጀርባውን አየች።

"ሌላስ የማታስታውሰው ነገር አለ?"

"የማላስታውሰውን በምን አስታውሼ ልንገርሽ?"

ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። እኔም የትኛውን ልከተል ግራ ገብቶኝ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኩ።

ዕቃዬን አላስጫነችም። የቤቴን ቁልፍ አስቀርፃ ለባለሱቋ ሰጠቻት፤ ጠዋት ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት በፊት በሬን ታንኳኳለች። "አለህ?" ትላለች። "እኔ ነኝ ያለሁት ወይስ ያኛው?" እላታለሁ። "የሚሰድበኝ ከሆነ አንተ ነህ" ትላለች። ከልጄ ጋር ሐኪም ዘንድ መሄድ ጀምረናል። አልጋው እዚያ አራተኛ ፎቅ እንደተነጠፈ ነው፤ እሷም አልደበቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት።

ብርድ ልብሱ ባለፈው ሳምንት ወደ ቁስቋም በኩል ለወለደች ልጅ ተሰጠ። ሰብሳቢያችን ቢጫውን መሃል ላይ አደረገችው፤ ሌሎቹን የኔን ወደ እግር በኩል፣ ከማይታዩበት። አልተከራከርኩም። በሕይወቴ አሳምሬ የሰፋሁት እሱን ብቻ ነው፤ ሲሰፋ ደግሞ እኔ አልነበርኩም።