መርዶን በእንግሊዝኛ ያስረዳሁ ቀን

“አንቺስ? አንቺ ቢሆንብሽ ይደበቀኝ ነው የምትይው ወይስ ወዲያው ይነገረኝ?”

ይህን የጠየቀችኝ በአካል አይቻት የማላውቅ ሴትዮ ናት። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። አገሯ ብርድ ነው፤ ከኋላዋ ያለው መስኮት ላይ ሁሌ ዝናብ ይወርዳል። እንግሊዝኛ መናገር መለማመድ የሚፈልግ ሰው በነፃ ከሚያወራው በጎ ፈቃደኛ ጋር የሚገናኝበት ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቤ እሷ ደረሰችኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እናወራለን።

ጥያቄውን የጠየቀችኝ ቀን ወንድሜ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነበር። እኔ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ተማርሽ ይሉኛል። ውሸት ነው። አራት ዓመት በእንግሊዝኛ ገለበጥኩ። አስተማሪው ስላይዱን ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን፣ ፈተና ላይ መልሰን እንጽፍለታለን። አንድም ቀን አፌን ከፍቼ ሳልናገር ተመረቅኩ፣ ገዋኑን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ፣ ነጌሌ ተመለስኩ። ከዚያ የመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ “ስለራስሽ ንገሪን” ሲሉኝ ስሜንና የተወለድኩበትን ከተማ ብቻ ተናገርኩ። አመሰግናለሁ ብለው በሩን አሳዩኝ።

ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቁሞ ሻኪሶ ወርቅ ሊቆፍር የሄደ ነው። ስልኩን የገዛልኝ እሱ ነው። “እኔ መሬቱን ልቆፍር፣ አንቺ ደግሞ እንግሊዝኛውን ቆፍሪ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያገኝ እናያለን” ይለኛል። ዶሎ ኦዶ ላይ ከስደተኞች ጋር የሚሠራ አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የጮኸው።

ኔትዎርክ ደህና የሚሆነው ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። የስኳር ጆንያ ላይ እቀመጣለሁ፣ ስልኩን የፓስታ ካርቶን ላይ አስደግፈዋለሁ። ከሱቁ የሚለየኝ አንድ መጋረጃ ነው። አባቴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ሬዲዮውን ቀነስ ያደርጋል፣ ደንበኞቹን “ቀስ በሉ፣ ልጄ ስብሰባ ላይ ናት” ይላል። አፍሬ ልሞት።

አንድ ቀን አንድ የቦረና ሽማግሌ ሻይ ቅጠል ሊገዙ መጥተው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉና ስልኩ ላይ ያለችውን ሴትዮ አዩ። “አካም! ናጋ?” ብለው ሰላም አሏት። ከዚያ በኦሮምኛ ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ፣ ሰዉ ደህና ነው ወይ፣ ዝናቡስ እንዴት ነው እያሉ ቀጠሉ። ተረጎምኩላት። ሴትዮዋ ከብት የለኝም፣ ዝናቡ ግን አላቆም ብሎ አስመርሮኛል አለች። መልሱን ስነግራቸው ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ።

“ታዲያ ምን ትጠብቃለች? ወደኛ ትላክልን እንጂ።”

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ስለ እሳቸው ትጠይቀኛለች።

ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ስምንት ቀን ሲቀረው አባቴ “ዕቃ ላመጣ ክብረ መንግሥት ደርሼ ልምጣ” ብሎ በድንገት ተነሳ። በማግስቱ ማታ ተመለሰ። ዕቃ አልያዘም። አልተገኘም አለ። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ሆኗል።

“አባዬ፣ እርስዎም ወርቅ ሲቆፍሩ ነው እንዴ ያደሩት?” አልኩት።

ሳቀ። እውነት እላችኋለሁ፣ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ግራ ገባኝ። ጎረቤቶች ይመጣሉ፣ ምንም አይገዙም፣ ትከሻውን ነካ አድርገው ይሄዳሉ። እኔ ስገባ ወሬ ያቆማሉ። የግብር ጣጣ ነው ብዬ አለፍኩት። ጊዜ አልነበረኝማ። ቀኑን ሙሉ “ጠንካራ ጎኔ፣ ደካማ ጎኔ” እያልኩ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው።

አባቴ ከሄደ በአራተኛው ቀን የሴትዮዋ የጥያቄ ዝርዝር ላይ የወጣው ርዕስ “መጥፎ ዜና” የሚል ነበር። እናንተ ጋ መጥፎ ዜና እንዴት ነው የሚነገረው አለችኝ። ደስ አለኝ። የማውቀውን ነገር ስጠየቅ አፌ ይፈታልኛል። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ በስልክ አይነገርም አልኳት። መጀመሪያ ሌሎች ይሰማሉ፣ ሽማግሌዎች ይመካከራሉ፣ ከዚያ በጠዋት፣ ሰው ከቤት ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ይመጣሉ። ወንዶቹ ይቀድማሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። ጠንካራ የሆነች አንዷ እናትየው አጠገብ ትቆማለች፣ ስትወድቅ እንድትይዛት። ፈተና ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ እስኪፈተን ይጠበቃል። ለዚህ እንግሊዝኛ ቃል የለውም፣ “መርዶ” ነው የሚባለው አልኳት። እንድትለው አደረግኳት። “መርዶ” አለች፣ ጮክ ብላ። “መርዶ” አልኩ እኔም፣ ሳስተካክላት።

መጋረጃው ተገለጠ። አባቴ የሚዛኑን የኪሎ ድንጋይ በእጁ እንደያዘ ቆሟል።

“ምን አልሽ?”

“ምንም። እየተለማመድን ነው።”

“ስለ ምን?”

“ስለ ባህላችን፣ አባዬ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እያስረዳኋት ነው።”

የያዘውን ድንጋይ አየ። “ጥሩ። ባህልን ማስረዳት ጥሩ ነው” አለና መጋረጃውን መለሰ።

ሴትዮዋ ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ። አንቺስ? ይደበቀኝ ወይስ ይነገረኝ ትያለሽ? ቃለ መጠይቅ ላይ መልስ ሲጠፋብኝ “ጥሩ ጥያቄ ነው” እያልኩ እንዳስብ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። “ጥሩ ጥያቄ ነው” አልኳት። ሳቀች። ሰዓታችን አለቀ።

የወንድሜ ስልክ ዝግ ነበር። ለአባቴ ስነግረው “ጉድጓድ ውስጥ ኔትዎርክ አለ እንዴ?” አለኝ። ቃለ መጠይቁ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ከወንድሜ ቁጥር ሚሴጅ መጣልኝ። “በርቺ ጎበዝ። እንዳትፈሪ። እግዚአብሔር ይርዳሽ።” ወንድሜ ሁሌ በላቲን ፊደል ነው የሚጽፍልኝ፣ ያውም ሳይሰድበኝ አይጀምርም። በመጨረሻ ሰው ሆነ ብዬ ሳቅሁ። ለእናቴም አነበብኩላት።

ዶሎ ኦዶ ሙሉ ቀን መንገድ ነው። በደረስኩ በማግስቱ ሦስት ሰዎች ፊት ተቀመጥኩ። አንዷ “በሕይወትሽ የምታደንቂው ሰው ማን ነው?” አለችኝ። “ጥሩ ጥያቄ ነው” ብዬ ስለ ወንድሜ ተናገርኩ። መሬት ስለሚቆፍረው፣ ስልክ ስለገዛልኝ። ያልተሰናከልኩበት መልስ ያ ብቻ ነው። ጠያቂዋ ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። ስመለስ ከመኪና ላይ ሆኜ ደወልኩለት፣ አሁንም ዝግ ነው። ይቺ የሱ ጉድጓድ አልኩ።

ቤት በገባሁ በማግስቱ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። የዕድር ሽማግሌዎች ናቸው። ከኋላቸው ሴቶቹ። ከሴቶቹ አንዷ ማንንም ሳታይ በቀጥታ ሄዳ እናቴ አጠገብ ቆመች።

ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅሁ። ሁሉንም በቅደም ተከተሉ ራሴ አስረድቼዋለሁኮ።

ጉድጓዱ ተደርምሶበት ነው። አስከሬኑ በወጣ በማግስቱ እዚያው ሻኪሶ ቀበሩት፤ አፈር ሲለብስ አባቴ ብቻ ነበር ከእኛ የቆመው። እናቴም እንደኔ በዚያ ጠዋት ነው የሰማችው። እሷ ከሰማች ቤቱ ለቅሶ ይሆናል፣ እኔም ቃለ መጠይቁ ያመልጠኛል ብሎ ነው አባቴ የደበቃት።

ውጤቱ በለቅሶው መሐል መጣ። ተጠባባቂ። ሰው ከቀረ ትጠሪያለሽ ማለት ነው። ማንም አልቀረም።

የወንድሜን ስልክ ያገኘሁት ለቅሶው ካለቀ በኋላ ክብሪት ስፈልግ፣ ከሚዛኑ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው። ከፈትኩት። የመጨረሻው ሚሴጅ ለኔ የተላከው “በርቺ ጎበዝ” የሚለው ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአባቴ ከ“እራት ቀርቧል” በላይ አልተነፈስኩም።

“ተይው” አለችኝ እናቴ። “እኔንስ ደብቆኝ የለ? ዘጠኝ ቀን ብቻውን ሲያለቅስ።”

“መቼ አለቀሰ? ስኳር ሲመዝን አልነበር?”

“እኮ” አለች እናቴ።

መለሰችልኝ። ግን አላበረደልኝም። ተጠባባቂ ለመሆን ብዬ ነው ወንድሜ አፈር ሲለብስ “ደካማ ጎኔ ትዕግሥት ማጣት ነው” እያልኩ የተለማመድኩት። እሱም የመሰለው ለኔ መልካም እንዳደረገ ነው። ካልነገርኩት እስኪሞት ይመስለዋል።

አርባው ካለፈ በኋላ ድረ ገጹን ከፈትኩ። የሴትዮዋ ሚሴጅ ተደራርቧል። ደህና ነሽ? ሥራው እንዴት ሆነ? ሽማግሌውስ ደህና ናቸው? አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዕቃ ቤት ገብቼ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። አባቴ ምንም ሳልለው ሬዲዮውን ቀነሰ።

ለሴትዮዋ በአጭሩ ነገርኳት። ስለ መርዶ ስናወራ ወንድሜ ሞቶ ነበር አልኳት። በእጇ አፏን ያዘች። ከኋላዋ ዝናቡ ይወርዳል።

“ያንን ጥያቄ ስለጠየቅሁሽ ይቅርታ አድርጊልኝ” አለች።

“አይ። ጥሩ ጥያቄ ነበር” አልኳት። የምመልሰው አጥቼ አይደለም እንዲህ ያልኳት።

ስልኩን ጭኔ ላይ አስተኛሁት። ከመጋረጃው ሥር የአባቴ ጫማ ይታያል፣ ያው ጫማ ነው፣ ስፌቱ ውስጥ አሁንም ቅላት አለው። ሴትዮዋ አማርኛ አታውቅም። እሱ ግን ያውቃል።

“አባዬ፣ እኔ በዚያኑ ቀን እንዲነገረኝ ነበር የምፈልገው” አልኩ ጮክ ብዬ። “ቃለ መጠይቅ ቢኖርም። ጭቃውን ከጫማዎ ሳያራግፉ።”